ከቢቸና ሞጣ የተለቀሰለት ጊታር

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ልጅ ከሞጣ ድረስ መጥታ ቢቸና ያለው ቤቴ በር ላይ ቆመች። ሜሮን እባላለሁ አለች። ጥፍሯን ሰማያዊ ቀብታለች፣ ስልኳን ከእጇ አታወርድም። በብብቷ የያዘችውን ጥቅል ወረቀት ስትዘረጋው የሰው ቁመት የሚያህል ፖስተር ሆነ። «የምሥራቅ ጎጃም የመጀመሪያው የሮክ መዝሙር ባንድ» ይላል በትልልቁ። ከሥሩ ፎቶግራፍ አለ። ጎፈሬውን ያበጠረ ወጣት ጊታር አንግቶ መሐል ቆሟል፤ በቀኙ ቀጭኗ ጽጌ አፏን ከፍታ ትዘምራለች፤ በግራው አንድ ክንድና የቢጫ ጀሪካን ጠርዝ ይታያል። ክንዱ የእኔ ነው።

«እትዬ የሺ፣ ይቺ እርስዎ ነዎት አይደል?» አለችኝ ክንዱን በጥፍሯ እየነካች።

«ቀሪዬን የት አደረሳችሁት?»

«ወረቀቱ አልበቃ ብሎን ነው እኮ፤ ፓስተር ደረጀን መሐል ለማድረግ።»

«እሱማ መች ከመሐል ወጥቶ ያውቃል!»

ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው።

ቅዳሜ ሞጣ አዳራሽ ውስጥ የባንዱ የምሥረታ በዓል ይከበራል፤ ፓስተር ደረጀ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ወጣቶቹ የድሮ መዝሙሮቻችንን በአዲስ ቅንብር ያቀርባሉ። ከእኔ የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው አለች። «ያቺን የጊታር ለቅሶ ታሪክ! ፓስተር ይጀምሩታል፣ እርስዎ ይጨርሱታል። ሕዝቡ በሳቅ ነው የሚያልቀው።»

«ጽጌስ?»

«እትዬ ጽጌ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ መድረክ አይወጡም። ከፊት ወንበር እንይዝላቸዋለን።»

ከፊት። ያ ታሪክ እንደ ቀልድ ሲነገር ስንት ዓመት ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ጽጌ ፊት ሲነገር ግን ሰምቼ አላውቅም። በዚያ ታሪክ ውስጥ አንዲት ክፉ ቃል አለች፤ የተናገርኳት እኔ ነኝ፤ ስለእሷም ጽጌን ይቅር በይኝ ሳልላት ጠጉሬ ነጣ። አሁን ሰው ሁሉ እያየ ሊሳቅባት ነው፤ አስቂዋ ደግሞ እኔ ልሆን ነው። ከበዓሉ በፊት ሞጣ ሄጄ ላያት እንደሚገባኝ ፖስተሩን ጠቅልላ ሳትወጣ ወሰንኩ። ሌላው ሰው ሁሉ ነገሩን እንዳሻው ሲያወራው ኖሯልና እኔ ከመጀመሪያው ላውራው።

ያኔ ቢቸና ውስጥ ባጃጅ የለም። ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ድረስ በእግር ነው፤ ክረምት ሲሆን ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ ስለዚህ ሁላችንም የላስቲክ ኮንጎ ጫማ ነበር የምናደርገው፤ አስተማሪውም፣ የግብርና ሠራተኛውም፣ እኔ የጤና ረዳቷም። ኮንጎ ጫማ በፀሐይ ቀን እግር ያነፍራል፤ ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ፣ ደግሞም ይናፍቀኛል፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሻይ አሥር ሳንቲም ነበር። ዳቦ ከጨመሩበት ሃያ። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በካርድ ነው የሚሰጠው፤ ሰልፉ ከጋራዡ ጥግ ተጠምዝዞ እስከ ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ይደርሳል፤ ደረጀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እዚያ ሰልፍ ላይ ነው። የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኖ ከአዲስ አበባ ተመድቦ መምጣቱ ነበር። ከታች የሚሰፋ ተትረን ሱሪ ለብሷል፤ ፋሽኑ ካለፈ ቆይቷል፣ ለእኛ ግን ገና አልደረሰም ነበርና ዓይናችን ተከተለው። ይኸን አልክድም። እኔም ተከትዬዋለሁ።

ስብሰባ የተከለከለበት ጊዜ ነበር። ጴንጤ መባል ከመሥሪያ ቤትም ከጎረቤትም ያስነሳል። እናቴ የእኔን ማመን የሰማች ዕለት የምበላበትን ሳህን ለይታ አስቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ የኖርኩት በኪራይ ቤት ነው። ቢቸና ውስጥ አሥር አንሞላም፤ ሞጣ ያሉት ከእኛ ትንሽ ይበዛሉ። ልምምዳችንን «ኪሮሽ» እንለው ነበር፤ መንገድ ላይ «ዛሬ ኪሮሽ አለ?» ብንባባል ማንም አይጠረጥርም፤ ኪሮሽ የሴት የእጅ ሥራ ነውና ደረጀ ራሱ ሲጠይቀኝ ግን ሰው ዞር ብሎ ያየዋል። ከበሮ ብንይዝ ያስነቃናል። እኔ ከልጅነቴ ሠርግ ቤት ከበሮ ስመታ ያደግኩ ነኝ፤ ባዶ የውሃ ጀሪካን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ጎኑን በመዳፌ፣ አፉን በጣቴ ስመታ ከከበሮ አላነሰም። ጀሪካን የሚወርስ ፈታሽ የለም። ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ። ደረጀ በየመድረኩ «ጌታ ጀሪካን አሳየን» ይላል። ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ ውሃ ከምቀዳበት ቦታ አንስቼ።

ሮክ የሚለውን ቃል ያመጣው ግን እሱ ነው፣ ያንን እሰጠዋለሁ። ቀስ ተብሎ የሚዘመረውን መዝሙር ይዞ ያስሮጠዋል። የኅብረቱ ትልልቅ ሰዎች «ልጆች፣ ይኸ የዳንስ ቤት ነው» ብለው ተቆጥተዋል። ኋላ ጽጌ ስትዘምር ሰሙና ዝም አሉ። ጽጌ የሞጣ ልጅ ናት፤ ቢቸና አንደኛ ደረጃ ታስተምር ነበር። ስትናገር ድምጿ ትንሽ ነው፣ ተማሪዎቿ እንኳ «ቲቸር አልሰማንም» ይሏታል። ስትዘምር ግን ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፤ ግድግዳው በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ሳለ ውጭ እንዳይሰማ እኔ ሮጬ መስኮቱን በጀርባዬ እደግፍ ነበር። ግጥሞቹን የምትሠራው እሷ ናት። ዜማውን እኔና እሷ ነን። ደረጀ ጊታር መታ፤ ያውም ሦስት ዓይነት ምት ብቻ።

ባሏ ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። ብሩክ የሚባል ልጅ ትቶላት ነበር፤ እሱም በኩፍኝ ታሞ በዓመት ከስድስት ወሩ ሞተ። የቀበርነው ሞጣ ነው። ዕድሩ ስለሰረዛት ጎረቤት አልመጣም፤ መቃብርም ተከልክሎ ከባሕር ዛፉ በታች ነው ያረፈው። እኛ ጊታራችንንና ጀሪካናችንን ይዘን ሄድን፤ አማኝ እንደ ሌላው ደረት አይመታም፣ በተስፋ ይሸኛል እንል ነበርና በመዝሙር ቀበርነው። የመንደሩ ሰው ከሩቅ ቆሞ ያየን ነበር። የዚያን ዕለት ኩራት ተሰምቶናል።

ቀብሩ ዓመት ሊሞላው ሲል ቢቸና ላይ የምንለማመድበት ቤት ተፈተሸ። መጽሐፍ ተወሰደ፤ ጊታሩ አልጋ ሥር ስለነበር ተረፈ። በማግሥቱ «የጴንጤ ክራር» እየተባለ መፈለጉን ሰማን። ደረጀ ወደ ሞጣ መሄድ አለበት አለ፤ ጊታሩ ማለቴ ነው። እሱ ራሱ አይወስደውም። «እኔን ያውቁኛል፤ ሴት አይጠረጠርም፤ ጽጌና የሺ ይውሰዱት» አለ። ሌላም ነገር አለ፤ ክሩን እንዳናላላው። ከላላ አንገቱ ይበላሻል አለን። ቫርኒሹ እንዳይጫር በአዲስ አቡጀዲ ጠቀለለው፤ በላዩ ላይ ሰሌን አድርጎ በሲባጎ ሦስት ቦታ አሰረው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ነው፤ ሬሳ በሣጥን ሲቀበር እንጂ በሰሌን ሲገነዝ አላየም። እኔ ግን አይቻለሁ። የሠራውን ሳየው ሊያስቀኝ ደረሰ። «ደረጀ፣ ይኸ እኮ ሕፃን ሬሳ መሰለ» ልለው እችል ነበር። የዚያን ዕለት ግን ተኳርፈን ነበር፤ ምን ቸገረኝ ብዬ ዝም አልኩ።

ከቢቸና ሞጣ አውቶቡስ አራት ብር ነው። ጽጌ መስኮቱ ዳር ተቀመጠች፣ እኔ ከጎኗ፣ ጥቅሉ ጭናችን ላይ ተጋድሟል። ረዳቱ ከላይ እንጫነው ሲል እኔ እምቢ አልኩት፤ ሰሌኑን አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገና «እሺ እቴ፣ ያዙት» ብሎ አለፈ። ከፊታችን ያሉት አሮጊት ጸሎት ጀመሩ። ያኔ ነገሩ ገብቶኛል። ጽጌም ገብቷታል፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ደብረ ወርቅ መግቢያ ላይ ኬላ አለ። ፈታሹ ጠመንጃውን አንግቶ ወጣ፤ ቅርጫት አስፈታ፣ ጆንያ ወጋ ወጋ አደረገ፣ እኛ ጋ ደረሰ።

«ይኸ ምንድን ነው? ፍቱት!»

«አይፈታም» አልኩ።

«ለምንድን ነው የማይፈታው?»

«ሬሳ ነው።»

«የማን ሬሳ?»

እዚህ ላይ ነው። የእኔ ልጅ ነው ማለት እችል ነበር። የእህቴ፣ የጎረቤቴ ማለት እችል ነበር። ጣቴን ወደ ጽጌ ቀስሬ «የእሷ ልጅ ነው» አልኩ። አፌን አዳልጦኝ አይደለም። አስቤ ነው። የእኔ ፊት ውሸቱን እንደሚያወጣው፣ የእሷ ፊት ግን እንደሚሸከመው አውቄ ነው። ፈታሹ አያት። ኮፍያውን አወለቀ። «እግዜር ያጥናሽ እናቴ» ብሎ ወረደ።

አውቶቡሱ ሲነሳ ለቅሶው ፈነዳ። አሮጊቷ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ከኋላ ያሉት ሴቶች እየተቀባበሉ ያለቅሳሉ፤ ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ሾፌሩ ሬዲዮኑን ዘጋ። መንገዱ ደግሞ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው፤ ጎማው አንዱ ውስጥ ሲገባ ያ ያልላላው ክር «ድንንን» አለ። ክው አልኩ። ድምፁን ልውጠው ብዬ «ወይኔ ልጄን! ወይኔ!» እያልኩ ጮህኩ። ከዚያ በኋላ ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር አስቀድሜ እጮህ ነበር። ደረጀ በየመድረኩ የሚያስቅበት ይኸ ነው፤ «ጉድጓድ ሲመጣ የሺ ታለቅሳለች!» ይላል፤ አዳራሹም ይፈርሳል። እሱ አውቶቡሱ ውስጥ አልነበረም።

እሱ የማይናገረው ይኸ ነው። አሮጊቷ ወደ ጽጌ ጎንበስ ብለው «የኔ ዓለም፣ ስሙ ማን ነበር?» አሏት።

ጽጌ ፊቷን ከመስኮቱ መልሳ «ብሩክ» አለች።

«ስንት ዓመቱ?»

«ዓመት ከስድስት ወሩ።»

ከዚያ በኋላ ያለቀሰችው ለቅሶ ከደብረ ወርቅ እስከ ሞጣ አልቆመም። እኔ ጎኗ ሆኜ የውሸቴን ስጮህ እሷ የእውነቷን ታለቅስ ነበር። ሞጣ ስንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ተሰልፎ አጽናናት። ካልሸኘናችሁ ሲሉ «ያባቱ ወገኖች እየመጡ ነው» ብዬ ሌላ ውሸት ጨምሬ አሰናበትኳቸው።

ደረጀ በሁለተኛው ቀን በጭነት መኪና መጥቶ ነገሩን ሲሰማ በሳቅ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። «ጽጌ፣ ተዋናይ መሆን ነበረብሽ!» አላት። እሷ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ብቻ ዘመረች። እዚያው ሞጣ ተቀይራ ቀረች፤ ባንዱም በዚያው አለቀ። ስብሰባ ተፈቅዶ ዘመኑ ሲከፈት ደረጀ አዲስ አበባ ገብቶ ካሴት አወጣ። ደጀን አውቶቡስ ስጠብቅ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ሰማሁት፤ የጽጌን ግጥም ሌላ ሴት ትዘምረዋለች፤ የጀሪካኔን ምት አንድ ማሽን ይመታዋል፤ ሽፋኑ ላይ የደረጀ ስም ብቻ ነው። አውቶቡሱ እስኪያመልጠኝ ድረስ እዚያው ቆምኩ። ይኸን ሁሉ ቅዳሜ ዕለት ማይክራፎኑን ሲሰጠኝ ፊት ለፊት ልነግረው ቆርጬ ነበር። ግን መጀመሪያ ጽጌ።

አርብ በሚኒባስ ሞጣ ገባሁ፤ ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች።

«የሺ! አንቺ ነሽ? እንዲህ ሸበትሽ?»

«ያንቺስ ቢሆን!»

«የእኔስ አስተማሪነት ነው። ግቢ፣ ግቢ። ለነገው ነው የመጣሽው?»

«ላንቺ ነው።»

ዱካ ሰጠችኝ። ብዙ ሳልዞር ተናገርኩ። «ጽጌ፣ ያን ቀን ኬላው ላይ ‹የእሷ ልጅ ነው› ያልኩት አስቤ ነው። ፊትሽን ተጠቀምኩበት። ነገ ሊስቁበት ነው። ይቅር በይኝ።»

ምስሩን መልቀም አላቋረጠችም። «ይኸን ሁሉ ዓመት የሸሸሽኝ ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«የሺ፣ ለልጄ የተለቀሰለት ያን ቀን ብቻ እኮ ነው። ያቺ አሮጊት ‹የኔ ዓለም፣ አትያዢው፣ ይውጣልሽ› አለችኝ። ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም ነበር። እስከ ዛሬ እመርቃታለሁ። ሲስቁበትም ይሳቁ፤ እነሱ ምን ያውቃሉ።»

ከትከሻዬ ላይ ሸክም የወረደ መሰለኝ። ፈገግ አልኩ መሰለኝ። «እንዲያ ከሆነ አልተቀየምሽኝማ!» አልኳት።

«ኧረ ተቀይሜሻለሁ።»

«በምን?»

«በቀብሩ ቀን።»

ምን እንደምትል አልገባኝም። አንድ ጠጠር ከምስሩ ለይታ ወረወረች።

«ደረቴን ልመታ እጄን ሳነሳ ከዚህ ያዝሽው» አለች አንጓዋን እያሳየችኝ። «‹ጽጌ፣ ሰው እያየን ነው፤ ደረት የሚመታው ያልዳነ ነው፤ ዘምሪ› አልሽኝ። ዘመርኩ። አፈሩ ሲመለስበት አዝማቹን ሦስት ጊዜ ዘመርኩ። ከዚያ በኋላ ስዘምር ሁሉ የአፈሩ ድምፅ ይመጣብኝ ነበር።»

ለማስታወስ ሞከርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩ። የመጣልኝ ባሕር ዛፉ፣ የኮንጎ ጫማዬ ሙቀት፣ ከሩቅ የቆመው ሰውና ጀሪካኑን እንዴት አሳምሬ እንደመታሁት ነው። አንጓዋ የለበትም። ቃሉም የለበትም። ቃሉ ግን የእኔ ነው፤ ያኔ እንዲያ ነበር የምናገረው።

«ያ ትምህርት የደረጀ ነበር...» አልኩ።

«ደረጀ ጊታር ይመታ ነበር። እጁ መች ባዶ ሆነ? የያዝሽኝ አንቺ ነሽ፤ ጀሪካንሽን አስቀምጠሽ።»

ዓመታት ሙሉ ሳብላላው የኖርኩት የደረጀ በደል፣ ካሴቱ፣ ፖስተሩ፣ ተቆርጦ የቀረ አካሌ፣ ሁሉም እዚያ ደጃፍ ላይ አነሰብኝ። ይቅርታ የጠየቅኩት ላስታወስኩት ነው። የበደልኩትን ግን ረስቼው ኖሬያለሁ።

«እስካሁን ለቅሶ አልደረስሽኝም፣ የሺ» አለች። አልተቆጣችም። የጎደለ ዕቃ እንደምትጠቁም ሰው ነው የተናገረችው።

ከዱካው ወርጄ መሬት ተቀመጥኩ። ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ። ለጊታር ያን ያህል የጮህኩ ሴትዮ አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ደረቴን አንድ ጊዜ መታሁት፤ ድምፁ ጀሪካን መሰለኝና አፈርኩ፤ እጄን ሰበሰብኩ። ስልኬ ጮኸ፤ ሜሮን ናት። «እትዬ የሺ፣ ደረሱ? ፓስተር ለልምምድ እየጠበቁዎት ነው፤ የጉድጓዷን ቦታ አብራችሁ እንድትሞክሯት!» ዘጋሁት። ጽጌ ምስሯን ትለቅማለች። ፀሐይዋ ከግድግዳው ላይ እስክትወርድ እንዲሁ ተቀመጥን።

«እንባ እምቢ አለኝ፣ ጽጌ።»

«አየሁ።»

«ምን ይሻለኛል?»

ሰፌዱን ወደ ጎን አደረገችና ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። «ለቅሶ በአንድ ቀን መች ያልቅና? ነገም ነይ» አለች።

በማግሥቱ ጠዋት አዳራሹ ጋ የድምፅ ማጉያ ሲሞከር ከተማው ይንቀጠቀጣል። ሜሮን ስድስት ጊዜ ደወለች። ነጠላዬን አዘቅዝቄ የጽጌን በር ገፋሁ። ቤቱ ተጠርጓል። ጽጌ ጥቁር ሻሽ አስራ ዱካ ላይ ተቀምጣለች፤ ከጎኗ መሬት ላይ አንድ ሰው የሚበቃው ምንጣፍ አንጥፋለች።